ሸክላው፣ ጆሮውና ስልሳ በመቶው፦ የትራንስ ሙዚቃና የዲጄ ሙያ አነሣሥ

፩

በሠፈራችን አንድ መምህር ነበሩ። በጀርመን ዴሞክራቲክ ሪፑብሊክ ተምረው የተመለሱ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምሩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሸክላ ማጫወቻቸውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው የሚከፍቱ ሰው ነበሩ። በ1990 ግድም፣ ዕድሜዬ ገና አሥር ዓመት እንደሞላ፣ ከቤታቸው የሰማሁት አንድ ሸክላ ከዚያ በፊት ከሰማሁት ዘፈን ሁሉ የተለየ ነበር። ዘፋኝ የለውም። በፒያኖ ይጀምራል፤ ቆይቶም ፒያኖው ይርቅና በምን መሣሪያ እንደሚመታ የማይታወቅ ድምፅ ቦታውን ይይዛል። አንድ አጭር የዜማ ሐረግ ይደጋገማል፤ ይደጋገማል፤ ሳይለወጥ የተለወጠ ይመስላል። የሸክላው አንድ ገጽ ከሃያ ደቂቃ በላይ ሲዞር የሚሰማው ያው አንድ ሙዚቃ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ሳቅ ብለው «እሱስ ጀምሯል፤ ያልጀመርኸው አንተ ነህ» አሉኝ።

ያ ሸክላ «ኪሾት» የተባለው፣ ታንጀሪን ድሪም የተሰኘው የምዕራብ በርሊን ቡድን ጥር 31 ቀን 1980 በምሥራቅ በርሊን በሪፑብሊኩ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ለሕዝብ ያቀረበው፣ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት የሸክላ ማተሚያ የነበረው አሚጋ ያሳተመው ሥራ መሆኑን ያወቅሁት ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ያን ሸክላ ተከትዬ ስሄድ የደረስሁት ዛሬ «ትራንስ» እየተባለ ከሚጠራው የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃና ሙዚቃውን ለሕዝብ ከሚያቀርበው ባለሙያ፣ ማለትም ከሸክላ አጫዋቹ፣ በዘመኑ አጠራር ከዲጄው ዘንድ ነው።

ይህ ጽሑፍ የዚያን ሙዚቃና የዚያን ሙያ አነሣሥ በአጭሩ ለመተረክ ይሞክራል። ዓላማው ግን የባዕድ አገር ወሬ ለማቀበል ብቻ አይደለም። በኪነጥበብ መድረክ፣ በትምህርት ቤትና በባህል አስተዳደር ለምንሠራ ሰዎች ሁሉ የሚመለከት አንድ ጥያቄ ከታሪኩ ውስጥ ተቀምጧል። ጥያቄውም፦ ሕዝብ የሚሰማውን ሙዚቃ መምረጥ የማን ሥራ ነው? በምንስ ይለካል? የሚል ነው።

፪

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ይገባል። «ትራንስ» ሰው ከዕለታዊ ንቃቱ ወጣ ብሎ በሌላ ስሜት የሚዋጥበትን ሁኔታ ያመለክታል። «መመሰጥ» የሚለው የአማርኛ ቃል በከፊል ይገልጸዋል። ሁኔታው ከኤሌክትሪክ በብዙ ሺህ ዘመናት ይቀድማል። ከበሮ፣ ጭብጨባና ድግግሞሽ በተገናኙበት ሁሉ ይገኛል። ቀስ ብሎ ጀምሮ የሕዝብን ልብ ደረጃ በደረጃ የማንሣት ጥበብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ዓላማው ከዳንስ ፈጽሞ የተለየ ቢሆንም፣ ከዝማሜ ተነሥቶ በመረግድ አልፎ ወደ ጽፋት የሚገሠግሠውን ማኅሌት ቆሞ ያዳመጠ ሰው ጊዜ ራሱ በሙዚቃ ሊቀረጽ እንደሚችል ያውቃል። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በቤቱ ውስጥ ሲዞር፣ የተቀመጡትን ሰዎች ፊት እያየ ግጥሙን ሲለውጥ፣ ስልቱን ሲያፋጥንና ሲያዘገይ የተመለከተም እንዲሁ ያውቃል።

ይህ ጥንታዊ ነገር ከኤሌክትሪክ መሣሪያ ጋር የተገናኘበትን ቀደምት ወቅት ስንፈልግ መንገዱ በእኛው አካባቢ ያልፋል። በ1944 በካይሮ የሚኖር ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት፣ ትምህርቱ ግብርና ዝንባሌው ሙዚቃ የሆነ ሰው፣ ድምፅን በብረት ሽቦ ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ ከአንድ የራዲዮ ጣቢያ ተውሶ ሴቶች የሚያካሂዱትን የዛር ሥነ ሥርዓት ቀረጸ። የዛር ሥርዓት ወደ ግብፅ የተሻገረው ከኢትዮጵያ እንደሆነ የሚያምኑ አጥኚዎች ብዙ ናቸው። ኤል ዳብ የቀረጸውን ድምፅ እንዳለ አላቀረበውም። ወደ ስቱዲዮ ወስዶ የገደል ማሚቶ ጨመረበት፤ የድምፁን ዋና አካል ቀንሶ በዙሪያው የሚያስተጋባውን ጥላ ብቻ አስቀረ። ይህን የመሰለው ሙከራ በፓሪስ በፒየር ሼፈር እጅ ዝነኛ የሆነው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1948 ነው።

ኤል ዳብ ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያና ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ማዕከልም ሠራ። በ1962 ደግሞ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በዩኒቨርሲቲው አስተማረ። በ1963 ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ የክራር፣ የማሲንቆ፣ የዋሽንትና የከበሮ ተጫዋቾችን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመው እርሱ ነው። የመሰብሰቢያውን ሐሳብ ያመጣው ሰው በወጣትነቱ የዛርን ከበሮ በሽቦ የቀረጸው ሰው መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል። ሁለቱም ሥራዎች ከአንድ ነገር ይነሣሉ፤ ይኸውም ሕዝቡ ያለውን በጥሞና ከማዳመጥ ነው።

፫

አሁን ወደ አውሮፓ እንሻገር። ለትራንስ መወለድ ሦስት ነገሮች መሟላት ነበረባቸው፦ ድምፅ የሚፈጥር መሣሪያ፣ ምት የሚጠብቅ መሣሪያና ሁለት ሙዚቃ የሚያጋጥም ባለሙያ።

የመጀመሪያው ሲንተሳይዘር ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ በ1964 ያቀረበው መሣሪያ ድምፅን ከክር ወይም ከትንፋሽ ሳይሆን ከኤሌክትሪክ ሞገድ ይሠራል። መሣሪያውን ሕይወት የሰጡት ግን በይበልጥ ጀርመናውያን ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያደገው የጀርመን ትውልድ በአባቶቹ ማርሽ አፍሮ፣ የእንግሊዝንና የአሜሪካን ዘፈን መቅዳትም ሰልችቶት የራሱ የሆነ ድምፅ ይፈልግ ነበር። በዱሰልዶርፍ በ1970 የተመሠረተው ክራፍትቬርክ በ1974 «አውቶባን» የተባለውን ሥራ አወጣ፤ በመኪና ረጅም አውራ ጎዳና ላይ መጓዝን የሚያሰማው ይህ ሙዚቃ ከ22 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በዚያው ዓመት ታንጀሪን ድሪም «ፋይድራ»ን አሳተመ። በዚህ ሥራ ጥቂት ኖታዎችን ሳይደክም የሚደጋግመው ሲኩዌንሰር የተባለው መሣሪያ እንደ ልብ ትርታ ከሥር ይሄዳል፤ ከላዩ የሚለዋወጠው የድምፁ ቀለም ነው። የትራንስ መሠረታዊ ዘዴ ይህ ነው፦ ዜማው ይቆማል፤ ቀለሙ ይጓዛል። በ1977 ደግሞ በሙኒክ ይሠራ የነበረው ጆርጆ ሞሮደር ከዶና ሰመር ጋር «አይ ፊል ላቭ»ን ሠራ። ከዘፋኟ ድምፅ በቀር ከሞላ ጎደል በሲንተሳይዘር የተሠራው ይህ ዘፈን መሣሪያውን ከስቱዲዮ አውጥቶ ወደ ዳንስ ወለል አወረደው።

ሁለተኛው የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ ያመረታቸው የምት መሣሪያዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ፣ ቲቢ 303 የተባለው፣ የታሰበው ለብቻው ለሚለማመድ ጊታር ተጫዋች የቤዝ ጊታር አጃቢ እንዲሆን ነበር። ድምፁ ግን ቤዝ ጊታር አይመስልም፤ ገዢ አጣ፤ በ1984 ምርቱ ቆመ። ዕቃው በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው በርካሽ ሲቸረቸር የቺካጎ ጥቁር ወጣቶች ገዙት። ቁልፎቹን እንደ መመሪያው ሳይሆን እንደ ጆሯቸው አዞሩ፤ ከመሣሪያው ውስጥ የሚያለቅስና የሚጮህ፣ ከዚያ በፊት ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ አወጡ። በ1987 ከዚህ የተነሣ አዲስ ስልት በሸክላ ታተመ። በዲትሮይትም የመኪና ፋብሪካዎች በተዘጉበት ዘመን ያደጉት ኹዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሳንደርሰን ቴክኖ የተባለውን ሙዚቃ ፈጠሩ። የክራፍትቬርክን ሸክላ በራዲዮ ሰምተው ያደጉ ናቸው። ጀርመን የላከችው ድምፅ በጥቁር አሜሪካውያን እጅ ተለውጦ ተመልሶ ወደ ጀርመን መጣ። የኪነጥበብ ታሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ወንዝ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ዲጄው ነው። ብዙ ሰው ዲጄን ሸክላ አስቀምጦ መርፌ የሚያወርድ ሠራተኛ አድርጎ ያየዋል። በርግጥ እንዲህ ያለም አለ። የሙያው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። በኒው ዮርክ በ1960ዎቹ መጨረሻ ፍራንሲስ ግራሶ የተባለ ወጣት አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሁለተኛውን በምቱ ላይ አጋጥሞ ማስገባትን ሥራዬ ብሎ ያዘ። በ1972 የወጣው የቴክኒክስ ማጫወቻ፣ በተለይም በ1979 የተሻሻለው ዓይነቱ፣ የሸክላውን ፍጥነት በጥቂት በመቶ ከፍና ዝቅ ማድረግ ስለሚያስችል ለዚህ ሥራ ተስማሚ ሆነ። አሠራሩ ይህ ነው፦ ሁለት ማጫወቻና በመካከላቸው አንድ ማቀላቀያ አለ። ዲጄው በአንድ ጆሮው ሕዝቡ የሚሰማውን ሸክላ፣ በማዳመጫ በተሸፈነው ሁለተኛ ጆሮው ደግሞ ሕዝቡ ገና ያልሰማውን ሸክላ ያዳምጣል። ሁለቱን ምቶች ያስተካክላል፤ ሐረጉ የሚዘጋበትን ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ሠላሳ ሁለት ምት ቆጥሮ ይጠብቃል፤ ከዚያም አንዱን ሲያነሣ ሌላውን ያወርዳል። ሥራውን በሚገባ ካከናወነው መጋጠሚያውን ማንም አያውቅም። እንግዲህ የዲጄ ጥበብ ከማጫወት ይልቅ የማዳመጥ ጥበብ ነው። አንድ ጆሮው ባለው፣ አንድ ጆሮው በሚመጣው ላይ ነው፤ ዓይኑ ደግሞ በሕዝቡ እግር ላይ ነው።

፬

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ያለው በምሥራቅ ጀርመን ነው። በዚያ አገር ዲጄነት ማንም እንደፈለገ የሚገባበት ሥራ አልነበረም። የሙያው መንግሥታዊ ስም «ሻልፕላተንኡንተርሃልተር»፣ ትርጉሙም «በሸክላ የሚያዝናና» ነበር። ሥራውን ለመያዝ የሚፈልግ ሰው በባህል መሥሪያ ቤቶች ሥር ኮርስ ይወስዳል፤ በኮሚሲዮን ፊት ቀርቦ ይፈተናል፤ ሲያልፍ ፈቃድና የክፍያ ደረጃ ይሰጠዋል። በ1973 ስለ ዲስኮቴክ ዝግጅቶች ራሱን የቻለ ደንብ ወጣ።

ከሁሉም ይበልጥ የሚታወቀው ግን የ60/40 ደንብ ነው። በ1958 መጀመሪያ በወጣው በዚህ ደንብ መሠረት፣ ለዳንስና ለመዝናኛ ከሚቀርበው ሙዚቃ ቢያንስ 60 በመቶው የአገሪቱ ወይም የሌሎች ሶሻሊስት አገሮች ደራሲያን ሥራ መሆን ነበረበት። የምዕራቡ ድርሻ ከ40 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ለዚህ ሁለት ምክንያት ነበር። አንደኛው የወጣቱን ጣዕም ከምዕራቡ ተጽዕኖ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ የደራሲ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ከአገር እንዳይወጣ ነው። ደንቡ ይከበር ዘንድም አጫዋቹ ያጫወተውን ሙዚቃ ሁሉ በዝርዝር ጽፎ ያስረክብ ነበር።

ፍርዳችን ሚዛናዊ መሆን አለበት። በዚያ ዘመን በብዙ የዓለም ክፍል ዲጄ ስም የለሽ የቡና ቤት ሠራተኛ በነበረበት ጊዜ፣ ምሥራቅ ጀርመን ሥራውን እንደ ሙያ ቆጥራ አስተምራለች፣ ፈትናለች፣ ደረጃ ሰጥታለች። ለኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃም በሯን ጨርሳ አልዘጋችም። በመግቢያዬ ያነሣሁት የ1980 ዝግጅትና የአሚጋ ሸክላ ለዚህ ምስክር ናቸው። መንግሥት ጆሮውን በከፈተበት በዚያ አንድ ምሽት የታተመ ሸክላ በአንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ሻንጣ አዲስ አበባ ድረስ ተጉዟል።

ጉድለቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። መምህሩ ስለ ተማሪነታቸው ዘመን የቅዳሜ ምሽት ዳንሶች ሲያጫውቱን፣ ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈውና አዳራሹ ውስጥ የሚሆነው ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደነበሩ ይነግሩን ነበር። የግዴታው ሙዚቃ ሲጀምር ወጣቱ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል፤ ይጠጣል፤ ያወራል። የሚፈልገው ሲመጣ ወለሉ ይሞላል። ወረቀቱ ላይ ግን 60ውም ተጫውቷል። የመንግሥት ሠራተኛው ቁጥሩን አይቶ ይረካል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ የተነገረው ነገር ግን ሐሰት ነው። የተጫወተውን መቁጠር ይቻላል፤ የተደመጠውን ግን መቁጠር አይቻልም። ይህን ያወቀው ከሁሉ በፊት አጫዋቹ ነው፤ ምክንያቱም ባዶውን ወለል ፊት ለፊት ቆሞ የሚያየው እርሱ ነው። ሆኖም ያየውን የሚጽፍበት ቅጽ አልተዘጋጀለትም ነበር።

ከዚህ የሚብሰው፣ የራሷ የአገሪቱ ሙዚቀኞች የደረሰባቸው ጉዳት ነው። ከመካከላቸው ብርቱ ደራሲያንና ተጫዋቾች ነበሩ። ሥራቸው በግዴታ ዝርዝር ውስጥ ስለገባ ግን ወጣቱ እንደ ግዴታ ተቀበለው። ሊጠብቃቸው የወጣ ደንብ አድማጭ አሳጣቸው። በፍቅር ሊደመጥ ይችል የነበረ ዘፈን ኮታ ሲሆን ጣዕሙን ያጣል።

፭

በርሊን በግንብ ተከፍላ በነበረችበት ዘመን ግንቡ ሰውን እንጂ የራዲዮ ሞገድን አላገደም። በአይዘንሑተንሽታት በ1971 የተወለደውና በምሥራቅ በርሊን ያደገው ማቲያስ ፓውል የተባለ ልጅ፣ ከሌሎች ብዙ እኩዮቹ ጋር የምዕራብ በርሊን ጣቢያዎችን በድብቅ ያዳምጥ ነበር። ወደዚያ መሻገር አይችልም፤ ሸክላውን መግዛት አይችልም፤ የሚጫወትበትን አዳራሽ አይቶ አያውቅም። ሙዚቃውን ያወቀው በጆሮው ብቻ ነው። ግንቡ ከመውደቁ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1989 ከእናቱ ጋር ወደ ሐምቡርግ ተሻገረ፤ በኋላም ወደ በርሊን ተመልሶ የአናጢነት ሙያ እየተማረ ሙዚቃ ማቀላቀልን ተለማመደ። ዓለም ዛሬ ፖል ቫን ዳይክ ብሎ የሚያውቀው ይህን ሰው ነው።

ግንቡ ኅዳር 9 ቀን 1989 ሲከፈት የምሥራቁ ክፍል ባዶ ሕንጻዎች የሞሉበት ነበር። ፋብሪካዎች ይዘጉ ነበር፤ የብዙ ቤቶችና ቦታዎች ባለቤትነት አጠራጣሪ ነበር፤ አንዳንዱን ናዚዎች ከአይሁድ ባለንብረቶች የነጠቁት፣ አንዳንዱንም በኋላ መንግሥት የወሰደው ስለሆነ ባለቤቱ እስኪለይ ድረስ በአጭር ውል መጠቀም ይቻል ነበር። ወጣቶች በእነዚህ ቦታዎች ድምፅ ማጉያ ተከሉ። በጣም የታወቀው ትሬዞር ነው። በመጋቢት 1991 የተከፈተው ይህ ቤት ቬርትሃይም የተባለው ታላቅ የገበያ አዳራሽ ምድር ቤት፣ የገንዘብና የጌጥ ማስቀመጫ ክፍል የነበረ ነው። የዛጉት ሣጥኖች ከነመዝጊያቸው በግድግዳው ላይ ነበሩ። ከምሥራቅና ከምዕራብ የመጡ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ግንብ የለያቸው ወጣቶች በዚያ ጨለማ ውስጥ አብረው ጨፈሩ። ግጥም የሌለው ሙዚቃ ስለሆነ የማንም ወገን ቃል አልነበረበትም፤ ማን ከየት እንደመጣም ጨለማው አያሳይም። ፖል ቫን ዳይክ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የተጫወተው በዚያው ዓመት በዚያው ቤት ነው።

ቴክኖ ከባድና ደረቅ ነበር። ከዚህ ከባድ ምት ላይ የእነ ታንጀሪን ድሪምን ረጅም ዜማና ጠፈራዊ ድምፅ የደረበው አዲስ ስልት «ትራንስ» ተባለ። በፍራንክፈርት ዳንስ ቱ ትራንስ የተባለው ጥንድ በ1990 «ዊ ኬም ኢን ፒስ»ን አወጣ፤ ስማቸው ራሱ የስልቱን ስም ይዟል። በ1990 የወጣው «ዘ ኤጅ ኦፍ ላቭ» በ1992 በጃም ኤንድ ስፑን እጅ እንደገና ተሠርቶ የስልቱ መለያ እስከ መሆን ደረሰ። አብዛኛው የትራንስ ሙዚቃ በደቂቃ ከ125 እስከ 150 ምት ይሄዳል። ቀስ በቀስ ይከማቻል፤ ከመካከሉ ከበሮው ድንገት ይጠፋና ዜማው ብቻውን ይንሳፈፋል፤ ሕዝቡ እጁን አንሥቶ ይጠብቃል፤ ከዚያም ከበሮው ይመለሳል። ለተውኔት ጸሐፊ ይህ አደረጃጀት ባዕድ አይደለም። ዝግጅት፣ ውጥረት፣ ዝምታ፣ መገለጥ ነው።

በበርሊን የትራንስ ሙዚቃን ሸክላ በማሳተም ግንባር ቀደም የሆነው ኤምኤፍኤስ የተባለው ድርጅት ነው። መሥራቹ ከማንቸስተር መጥቶ በምዕራብ በርሊን የኖረው ማርክ ሪደር ነው። ሪደር ምሥራቅ ጀርመን ከማክተሟ በፊት በአሚጋ ስቱዲዮ የአንድ የምሥራቅ ቡድን ሸክላ አዘጋጅቶ ስለነበር፣ በ1990 መጨረሻ አዲሱን ድርጅት ያቋቋመው ከዚያው ከቀድሞው የመንግሥት ሸክላ ድርጅት ጋር በነበረው ግንኙነት ነው። የድርጅቱ ስም ሦስት ፊደላት የፈረሰው የመንግሥት ደኅንነት ሚኒስቴር አሕጽሮተ ስም ነበሩ፤ ቀልድም ምፀትም ነው። ኮስሚክ ቤቢ የተባለው፣ ክላሲካል ሙዚቃ የተማረው ደራሲና ፖል ቫን ዳይክ አብረው የሠሩት ሥራ በ1992 እዚህ ታተመ። የቫን ዳይክ የመጀመሪያ አልበምና በውስጡ ያለው «ፎር አን ኤንጅል» የተባለው ዝነኛ ሙዚቃም በ1994 ከዚሁ ወጣ። እንግዲህ ኮታ የማያውቀው ሙዚቃ ኮታ ሲያስከብር ከኖረው ሥርዓት ፍርስራሽ ላይ በቀለ ማለት ነው። ያበቀለውም በድብቅ ሲያዳምጥ ያደገ ጆሮ ነው።

፮

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የድልም የውድቀትም ነው። በሐምሌ 1989፣ ግንቡ ገና ሳይወድቅ፣ ዶክተር ሞቴ በሚባል ዲጄ አነሣሽነት 150 የሚሆኑ ወጣቶች በምዕራብ በርሊን ጎዳና ሙዚቃ ከፍተው ሰልፍ ወጡ። የፍቅር ሰልፍ፣ በራሳቸው አጠራር «ላቭ ፓሬድ» ነው። በ1999 አዘጋጆቹ የተሳታፊውን ቁጥር አንድ ሚሊዮን ተኩል አደረሱት። በ2004 በአቴና ኦሊምፒክ መክፈቻ የየአገሩ ስፖርተኞች ሲሰለፉ ያጀባቸው ሙዚቃ የሆላንዳዊው ዲጄ የቲየስቶ ነበር። ከምድር ቤት የወጣው ሙያ በዓለም ፊት ቆመ።

ነገር ግን ገንዘቡ ሲበዛ ጆሮው ደከመ። ስፖንሰር በዛ፤ ሁሉም ሙዚቃ አንድ ዓይነት መጠበቅና አንድ ዓይነት ፍንዳታ ሆነ፤ የአደንዛዥ ዕፅ ጥላም ከእነዚህ ሌሊቶች አልተለየም። ሐምሌ 24 ቀን 2010 በዱይስቡርግ ከተማ በተዘጋጀው ላቭ ፓሬድ ሕዝቡ በጠባብ መግቢያ ተጨናንቆ 21 ወጣቶች ሞቱ፤ በመቶ የሚቆጠሩም ቆሰሉ። ያ ላቭ ፓሬድ የመጨረሻው ሆነ። ኮታ የሚቆጥረው በመቶኛ ነበር፤ ገበያም የሚቆጥረው በሚሊዮን ሆነ። ሁለቱም ቆጠሩ እንጂ አላዳመጡም። በሕዝብ ፊት የሚቆም ሁሉ፣ ሙዚቀኛም ቢሆን አዘጋጅም ቢሆን አስተዳዳሪም ቢሆን፣ ከፊቱ ያለው ቁጥር ሳይሆን ሰው መሆኑን የዘነጋ ዕለት አደጋው ቅርብ ነው።

በመጋቢት 2024 ጀርመን የበርሊንን የቴክኖ ባህል በአገሪቱ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብታለች። ከሠላሳ ዓመት በፊት ፖሊስ ሲያባርረው የነበረ ነገር ዛሬ ቅርስ ተብሏል። መዝገቡ መልካም ነው። ግን ቅርሱ ያለው በመዝገቡ ውስጥ ሳይሆን፣ መጀመሪያ ማንም ሳያዝዛቸው ባዳመጡት ሰዎች ውስጥ ነው።

፯

ወደ ራሳችን እንመለስ። በአገራችንም ወጣቱ በኮምፒዩተር ክራርንና ማሲንቆን ከኤሌክትሮኒክስ ምት ጋር ማዋሐድ ከጀመረ ቆይቷል። እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው በሰየሙት መንገድ የሠሯቸው ሥራዎች፣ በተለይም የሚካኤል የ2016 «ዘላለም»፣ ከአገር ውጭ በብዙ ተደምጠዋል። እዚህ ግን ዲጄ ሲባል የብዙዎቻችን አእምሮ ወደ ሠርግ ቤት ጩኸት ይሮጣል። አንዳንዶቻችን ባህል አጥፊ እንላለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ ባህልን ለመጠበቅ ይህን ያህል በመቶ የአገር ዘፈን ይጫወት የሚል ደንብ ቢወጣ እንወዳለን። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመነጨ ነው። የምሥራቅ ጀርመንም ሐሳብ በከፊል ከቅን ልብ የመነጨ ነበር። ፍሬው ግን ምን እንደነበር ከላይ አይተናል።

ከምሥራቅ ጀርመን የምንወስደው አንድ መልካም ነገር አለ። ሙያውን ማስተማር ነው። የባህል ማዕከሎቻችንና የሙዚቃ ትምህርት ቤቶቻችን ለዲጄና ለኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ሠሪ ቦታ ቢሰጡ፣ የድምፅ መዛግብታችንን ቢከፍቱላቸው፣ ቅኝቶቻችንን ከባለ ክራሩና ከባለ ማሲንቆው ዘንድ ቁጭ ብለው እንዲማሩ ቢያደርጉ፣ በመቶኛ የማይገኘው ነገር በፍቅር ይገኛል። ኤል ዳብ በ1963 ለኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ያደረገው ይህንኑ ነው። ለማንም ኮታ አልሰጠም። ተጫዋቾቹን ሰብስቦ እርስ በርሳቸው እንዲደማመጡ አደረገ።

መምህሩ ዛሬ በሕይወት የሉም። ያቺ ሸክላ ከእኔ ዘንድ ናት። ጠርዟ ተፋፍቋል፤ በሁለተኛው ገጽ አንድ ቦታ ላይ መርፌው ይዘላል። በቅርቡ የእኅቴ ልጅ፣ ዲጄ ለመሆን የሚመኝ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ፣ ቤቴ መጥቶ አስከፈተኝና ዝም ብሎ አዳመጠ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ የአጎቴ ሸክላ ስለሆነ በይሉኝታ እንዳልተቀመጠ በሚያስታውቅ ሁኔታ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ጉልበቱን መምታት ጀመረ። ዘፈኑ መቼ እንደሚጀምር አልጠየቀኝም። እኔም እስከ ገጹ መጨረሻ ድረስ አንድም ቃል አልተናገርሁም።